የታጠፈው ፈቃድ

ቅዳሜ፣ ጥር 2። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል

እግሬን ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፌ ነው የምጽፍልህ፣ ደብተሬ። ሁለት ሙሽራ በአንድ ቀን። የጠዋቷ ከሳቢያን፣ የከሰዓቷ ከመጋላ። ሁለቱም መናፈሻ። እዚህ ከተማ መናፈሻ ያልገባ ሠርግ ያለቀ አይመስላቸውም። ዛፍ ሥር መቆም፣ ቬሎውን ሣሩ ላይ መዘርጋት፣ ሙሽራው ኮቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ሩቅ ማየት። ሺህ ጊዜ አንስቼዋለሁ። ሁልጊዜ ደግሞ ያምረኛል፣ ምን ላድርግ።

ጀማል ቪዲዮ፣ እኔ ፎቶ። ታይዋን ገበያ ጀርባ ያለችውን ስቱዲዮ አብረን ከከፈትን አራት ዓመት ሆነን። ከሰባት ሰዓት በኋላ ጫቱን ካልያዘ ትሪፖድ አይቆምለትም። ዛሬም ጉንጩን ወጥሮ ነው የቀረጸው። ቪዲዮው ግን አልተንቀጠቀጠም፣ ይህን አልክድበትም።

በር ላይ አዴ ዘሀራ። የመናፈሻው ጠባቂ። ጥርም ሆነ ግንቦት ያን ሰማያዊ ካፖርቷን አታወልቅም። በእናቴ ዕድሜ ናት፣ ግን የድሬ ልጅ ነኝና አንቺ ነው የምላት። አንቱ ብላት ምን አድርጌሽ ነው የምትለኝ ይመስለኛል። እሷ ኢንተላ ትለኛለች፣ በኦሮምኛ ልጅት። ወረቀቱን አሳየኋት። ክቡን ማኅተም በጣቷ ነካ አድርጋ ሰንሰለቱን ፈታችልን። ማንበብ አትችልም። ማኅተም ግን ታውቃለች። ማኅተም ካለ አንድ ኃላፊ አይቶታል ማለት ነው ለእሷ።

ከዚያ መዝገቡ። መናፈሻውን የሚያስተዳድረው ጽ/ቤት ታኅሣሥ ላይ ለቀረጻ የሚገባ ሁሉ ይመዝገብ ብሎ ትልቅ ደብተር ሰጣት። መጻፍ ለማትችል ሴት። ስትጨነቅ አይቼ በማስመሪያ እኔ አሰመርኩላት፦ ቀን፣ የሙሽሮች ስም፣ የፈቃድ ቁ.፣ የጥበቃ ፊርማ። እኔ እሞላለሁ። እሷ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫን ታደርጋለች። እኔ ጣቷን ይዤ ሳጥኑ ውስጥ ቀጥ አድርጌ አሳርፋለሁ። የእጅ ጽሑፌን ትወደዋለች። ጥልፍ ይመስላል ትላለች።

የመጋላዋ ሙሽራ ሻሿን ልታስተካክል ወንድ የማያያት ቦታ ፈለገች። አዴ ዘሀራ ካፖርቷን አውልቃ እንደ መጋረጃ ያዘችላት። ካፖርቱን ስታወልቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ከሥር ያለው ቀሚሷ ትከሻው ላይ የተጣፈ ነው።

አሁን መጻፍ የማልፈልገውን። ወረቀቱ የኅዳር ነው።

ኅዳር ላይ ለአንድ የልብስ ሱቅ ማስታወቂያ የሁለት ቀን ፈቃድ በሥርዓቱ አወጣሁ። ካሜራ ቦርሳዬ ኪስ እንዲገባ ለሦስት አጠፍኩት። ቀኑና ጉዳዩ ወደ ውስጥ ገቡ፣ ፊርማውና ማኅተሙ ውጭ ቀሩ። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ሠርግ ይዤ ሄድኩ። የዛሬው ፈቃድ አልደረሰልንም ብዬ ልለምናት ቦርሳዬን ስከፍት ማኅተሙን አየችው። ሰንሰለቱን ፈታች። ዝም አልኩ። በሳምንቱም ዝም አልኩ። ወረቀቱ ጠርዙ ሲበላ ላሚኔት አስደረግኩት። እንደታጠፈ፣ ማኅተሙ ወደ ውጭ። ተሳስቼ ነው ማለት የምችለው እስከዚያ ቀን ድረስ ነበር።

መዝገቡ ላይ ያው ቁጥር ሲደጋገም ያስነቃል ብዬ የመጨረሻ አሃዞቹን እየቀያየርኩ እጽፋለሁ። ይህን ጀማልም አያውቅም። አንተ ብቻ ነህ።

ውኃው ቀዘቀዘ።


ማክሰኞ፣ ጥር 5። ማታ

ዛሬ ሰው ልሁን ብዬ ተነሳሁ። ማመልከቻ፣ የንግድ ፈቃድ ኮፒ፣ የሁለታችን መታወቂያ፣ የካሜራዎቹ ቁጥር። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጽ/ቤቱ በር ላይ።

መዝገብ ቤት፦ መጀመሪያ ኃላፊው ይምራበት። ኃላፊው ስብሰባ። ጸሐፊዋ ተቀመጪ አለችኝ፣ ተቀመጥኩ። አንድ ባለሙያ አዝኖልኝ አነበበው። ለእያንዳንዱ ሠርግ የየራሱ ማመልከቻ ነው፣ ከዐሥር ቀን በፊት፣ የሙሽሮቹ መታወቂያ ተያይዞ። ሙሽሮች የሚመጡልኝ አራት ቀን ሲቀራቸው ነው አልኩት። ለምን ቀደም ብለው አያስቡም አለኝ። ሠርግ ደግሶ አያውቅም መሰለኝ። ለማንኛውም ማኅተም የያዘችው ልጅ ወጥታለች፣ ከሰዓት ተመለሺ።

ለጀማል ስነግረው ሳቀብኝ። «አቦ፣ ድሬ ላይ ከሰዓት ጉዳይ የሚጨርስ ቢሮ ካገኘሽ እኔንም ጥሪኝ።»

አልተመለስኩም። ማመልከቻው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። እውነቱን ልንገርህ፦ ሁለት ቀን ብመላለስ ይሰጡኝ ነበር። ለገሀሬ ያለው ፎቶ ቤት እያወጣ ይሠራል። ሰው የማይችለውን አልጠየቁኝም። ደጅ መጥናት ንቄ ነው። አንዲት ማንበብ የማትችል ሴት በር ላይ ስላለችልኝ ነው የናቅኩት።

ይህን ስጽፈው ፊቴ ጋለ። ቅዳሜ ግን ሠርግ አለኝ።


ቅዳሜ፣ ጥር 9። ከሰዓት

ገባን፣ አነሳን፣ ወጣን። አዴ ዘሀራ አዲስ ሻሽ አድርጋለች። ሐሙስ ዕለት ከጽ/ቤት ሰው መጥቶ መዝገቡን ለቁጥጥር ወስዶታል። ደስ ብሏታል። ንጹሕ መዝገብ አይተው ያመሰግኑኛል ብላ። የዛሬውን በነጠላ ወረቀት ጻፍንላት። ጣቷን ስይዝ እጄ አላበው። ሞቀሽ እንዴ አለችኝ፣ ውኃ ሰጠችኝ።

ጠጣሁት።


ቅዳሜ፣ ጥር 16። ከቀኑ 10 ሰዓት

ዛሬ ከበር ተመለስን።

ስድስት መኪና፣ አበባ የለበሰ። ሙሽራዋ ባንክ የምትሠራ ልጅ፣ እናቷ፣ አክስቶቿ፣ ሚዜዎች። በር ላይ ካፖርት የለም። ጎልማሳ ሰውዬ፣ ጥቁር መነጽር። ወረቀቱን አሳየሁት። ተቀበለኝ። ገለበጠው። ነጭ። መልሶ ገለበጠው። ክፈቺው እህት አለኝ። አይከፈትም አልኩ። ፈቃድ እንዴት አይከፈትም አለ፣ ጮክ ብሎ አይደለም፣ ግን የሙሽራዋ እናት ሰማች።

ጀማል ካሜራውን ይዞ ወደ ባጃጁ ፈቀቅ አለ። እኔ ቆሜያለሁ። ላሚኔቱ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል። ሚዜዎቹ ያዩታል። የሆነች አክስት ምንድነው ችግሩ፣ ፈቃድ የለሽም እንዴ አለች። አለኝ፣ አዲሱ ሰውዬ ሥራ ስላልለመደ ነው አልኩ። ደብተሬ፣ እንደዚህ አልኩ። በሰው ፊት ሰውዬውን አሳነስኩት። እሱ ወረቀቱን መለሰልኝና ሰንሰለቱን አጠበቀ።

አዴ ዘሀራስ አልኩት ቀስ ብዬ። ታግዳለች አለ። ያለ ፈቃድ ሰው ስታስገባ ነበር፣ ገንዘብ እየተቀበለች፣ መዝገብም በሐሰት አስጽፋ።

ከዚራ ሰፈር መንገድ ዳር፣ ዛፎቹ ጥላ ሥር አነሳኋቸው። ባጃጅ በመሐል እያለፈ። ሙሽራዋ አላለቀሰችም፣ ከንፈሯን ነክሳ ሳቀችልኝ። ያ ይብሳል። ፎቶው ላይ ሁሉ ከንፈሯ ተነክሷል።


እሁድ፣ ጥር 17

ጀማልን ቁርስ ቤት አገኘሁት። ፈጢራውን እየቆረሰ አዳመጠኝ። የቁጥሩን ነገር ነገርኩት። መብላቱን አቆመ። እንዲህ ያለውን ለምን ለብቻሽ ታደርጊያለሽ አለኝ። ከዚያ ደግሞ፣ «በይ አቦ ተይው። ስምሽ የለበትም። የሙሽሮች ስም ነው ያለው። ወላሂ ከተናገርሽ ስቱዲዮውን ያሽጉታል።»

ልክ ነው። መዝገቡ ላይ ስሜ የለም። እጄ ብቻ ነው ያለው። የእሷ ግን ጣት አለ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ቀጥ ቀጥ ብሎ። እኔ ነኝ ቀጥ ያደረግኩት።

ከአሁን በኋላ አ.ዘ. ነው የምጽፈው። ስሟን መጻፍ ከበደኝ።


ሰኞ፣ ጥር 18። ከሰዓት

መጣች። ስቱዲዮ ድረስ። ካፖርቱን ቀምተዋታል፣ የመንግሥት ነው ተብላ። ያለ እሱ አነሰችብኝ።

ወንበር ሰጠኋት። ኢንተላ፣ ደህና ነሽ ወይ አለችኝ። እኔን። ከዚያ ነገረችኝ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ። መዝገቡ ላይ ያሉት ቁጥሮች ከሌላ ሥራ ጋር ተጋጭተዋል። አንዱ የዛፍ መግረዣ ፈቃድ ሆኖ ተገኘ። ሌላው የአዳራሽ ኪራይ። የቀሩት ጭራሽ የሉም። ማን ጻፈልሽ ሲሏት አንዲት ልጅ አለች። ስሟ ሲሏት አልናገርም አለች።

ለምን አልተናገርሽም አልኳት። እንዲህ አለችኝ፦ «የሠርግ ወር ነው። ይጠሩሻል፣ ያመላልሱሻል፣ ሥራሽን ያበላሹብሻል። አንቺ ምን አጠፋሽ? ወረቀት አለሽ።»

የመጣችው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ያን ወረቀት አውሺኝ፣ ማኅተሙን ላሳያቸው፣ ያኔ ነገሩ ያልቃል። ሁለተኛ፣ አቤቱታ ጻፊልኝ፣ ጽሑፍሽ ያምራል። ዐሥራ አንድ ዓመት በር ላይ ቆማለች። ሥራው ይቅር፣ ይላል አንደበቷ፣ ግን ሌባ ተብዬ መጋላ ውስጥ እንዴት እሄዳለሁ።

ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ከወንበሯ አንድ ክንድ ርቆ። የት እንዳስቀመጥኩት እፈልገዋለሁ አልኳት።

አቤቱታውን ጻፍኩ። እሷ ያለችው፦ የማውቃት ልጅ ናት፣ ታማኝ ናት፣ ማኅተም ያለበት ፈቃድ እያሳየችኝ ነው ያስገባኋት፣ መዝገቡንም በበጎ ፈቃድ የጻፈችልኝ እሷ ናት። እኔ የጻፍኩት፦ በስም የማላውቃቸው ልዩ ልዩ ፎቶ አንሺዎች። ስለ ጸሐፊዋ ምንም። ሲያልቅ አንብቢልኝ አለች። የጻፍኩትን ሳይሆን የነገረችኝን አነበብኩላት። ዓይኔን ወረቀቱ ላይ እያስኬድኩ፣ የሌለውን።

የፕሪንተር ቀለም ጣቷ ላይ ቀባሁ። ጥቁር። ይዤ አሳረፍኩት። ጥልፍ ነው አለች።

ስትሄድ በሩን ቆልፌ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ራሴን ከዚህ በፊት ጠልቼ አውቃለሁ፣ እንደዛሬው ግን አይደለም።


ረቡዕ፣ ጥር 20

ጽ/ቤቱ ድረስ ሄድኩ። በር ላይ ደርሼ ስልኬ የጠራ አስመስዬ ተመለስኩ። ማን ያየኛል ብዬ እንዳስመሰልኩ እንጃ። ሁለት ጊዜ።

ቤት ስደርስ እናቴ ምን ሆነሽ ነው አለችኝ። ራሴን አመመኝ አልኳት። ቅዝቃዜ ነው አለች። ድሬዳዋ፣ ቅዝቃዜ።


ቅዳሜ፣ ጥር 23። ጠዋት

ዛሬ ሆቴል ግቢ ነው የምናነሳው፣ መናፈሻ የለም። ባለቤቱ አቀባበል ላይ መታወቂያ ብቻ ጠየቀ። ቀላል ሆነ። ሁሉም ነገር ቀላል ሲሆንልኝ ያስጠላኛል።

አ.ዘ. ደወለች። ዲሲፕሊን ኮሚቴው ሐሙስ ይቀመጣል፣ ሦስት ሰዓት ላይ። ወረቀቱን አገኘሽው ወይ።

ጠፋብኝ አልኩ።

 ሐዘን ገባት ብዬ ሳስብ እሷ እኔን ማጽናናት ጀመረች። አይዞሽ፣ አትጨነቂ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ቢጠፋ ቢሮ ቀሪ ኮፒ አለ፣ እነሱ ያገኙታል። እንቅልፍ አትጪ ለዚህ።

ሙሽሮቹ ደረሱ። እየጠሩኝ ነው። ሙሽራዋ ሜክአፕ ላይ ናት፣ ዝርዝር ዝርዝር ነገር ላነሳ፦ ቀለበት፣ ጫማ፣ የጥሪ ካርድ። እጄ ይሠራል። እጄ ለምን እንደሚሠራ አይገባኝም።


ማክሰኞ፣ ጥር 26። 12 ሰዓት፣ ማታ መግቢያ

በምላጭ ነው የከፈትኩት። ጠርዙን ዙሪያውን ቀደድኩ። ፕላስቲኩ ከወረቀቱ ጋር ተጣብቋል፣ ቀስ ብዬ ስልጥ የማኅተሙ ግማሽ ፕላስቲኩ ላይ ቀረ። ያን ያህል ስጠነቀቅለት የነበረው ማኅተም። ውስጡ ግን አንድ ፊደል አልጠፋም። ቀን። ቁጥር። ጉዳዩ፦ ለሁለት ቀን የፎቶግራፍ ቀረጻ ስለመፍቀድ። ከሥር፣ ግልባጭ፦ ለመናፈሻው ጥበቃ። ለእሷ ማለት ነው። ደብዳቤው ለእሷም ተጽፎ ነበር፣ አንድ ቀን እንኳ አላነበብኩላትም።

ጀማልን ጠርቼ አሳየሁት። ልናገር ነው አልኩት። ተቆጣ። ቆይቶ ተለሳለሰ፣ ውሰጂው፣ ግን የኔን ስም አትጥሪ አለኝ። አልጠራም አልኩ። እሱ ወረቀቱን አላጠፈም፣ ቁጥርም አልጻፈም።

በኋላ ሳስበው፣ እሱ አፍ አውጥቶ ለመነኝ። እኔ አ.ዘ.ን ሳልለምናት ነው ስሜን ያስደበቅኳት።

ነገ መጀመሪያ እሷ ጋ። ቢሮው ከእኔ አፍ ከመስማቱ በፊት እሷ መስማት አለባት። በዚህ ላይ አልደራደርም። ብትመታኝ ትምታኝ።


ረቡዕ፣ ጥር 27። ከቀኑ 11 ሰዓት

መጋላ። ከመስጊዱ ጀርባ ሦስተኛው ጠባብ መንገድ፣ ሰማያዊ በር። ጎረቤቶቿ በር ላይ ሱማልኛ እያወሩ ልብስ ያጥባሉ። ፎቶ አንሺዋ መጣች አሉ፣ ያውቁኛል፣ የአንዷን እህት ሠርግ አንስቻለሁ። ሳቁልኝ። አንገቴን ደፍቼ ገባሁ።

ልክ እንደገባሁ ካልተናገርኩ እንደማልናገር አውቄ ቆሜ ጀመርኩ። አዴ ዘሀራ ተቀመጪ አለችኝ። አልተቀመጥኩም። ዛሬ ስሟን ሙሉ ልጽፈው።

ወረቀቱን አወጣሁ። ተገኘ አለችና ፊቷ በራ። ያን ፊት መቼም አልረሳውም። ከዚያ ዘረጋሁት፣ ምንጣፉ ላይ፣ ሦስቱንም እጥፋት። ረጅም መሆኑ ገረማት። እስካሁን ታች ያለውን ብቻ ነው የምታውቀው።

ከላይ ጀምሬ አነበብኩላት። በእኔ ስብርባሪ ኦሮምኛ፣ ቃል ሲጠፋኝ በአማርኛ። ቀኑን። ሁለት ቀን የሚለውን። ለልብስ ሱቅ የሚለውን። ከዚያ ቁጥሮቹን ከየት እንዳመጣኋቸው። ከዚያ አቤቱታውን፣ በዚህ ጊዜ የተጻፈውን። በስም የማላውቃቸው ስል ራሷን ቀና አደረገች።

አልጮኸችም። ቀኑ የቱ ነው አለች። አሳየኋት። ጣቷን ላዩ ላይ አደረገች፣ ማኅተም እንደምትነካው። ከዚያ አውራ ጣቷን ገልብጣ አየችው። የባለፈው ሳምንት ሰኞ ጥቁር ቀለም ጥፍሯ ጥግ ገና አለ።

«ይህን እየያዝሽ ነበር የምታስቀምጪው» አለች።

አዎ አልኩ።

«እኔ እኮ እያገዝሽኝ ነው የምለው።»

ይቅርታ አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ትንሽ ነበር፣ ክፍሉ ውስጥ የሚገባበት ቦታ አላገኘም። አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፣ እንባዬንም አላበሰችልኝም፣ ልክ ነበረች። ነገ መጥቼ ሁሉን እናገራለሁ፣ በስሜ ጽፌ ፈርሜ አመጣለሁ አልኳት። ነይ አላለችኝም፣ ቅሪም አላለችኝም። ሦስት ሰዓት ነው አለች ብቻ። የማውቀውን።

በሩ ጋ ስደርስ ጠራችኝ። ኢንተላ አላለችም። ሰናይት አለችኝ። ስሜን እንደምታውቀው አላውቅም ነበር። «ወረቀቱን ሁለተኛ አትጠፊው።»


ሐሙስ፣ ጥር 28። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሩብ

ጽ/ቤቱ ኮሪደር። አግዳሚ ወንበር። ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፍልህ፣ ጽሑፌ ጥልፍ አይመስልም ዛሬ።

በእጄ፦ ሁለት ገጽ፣ በስሜ፣ በፊርማዬ። ወረቀቱ ተዘርግቶ፣ በግልጽ ፋይል ውስጥ። መዝገቡ ላይ ያለው ጽሑፍ የእኔ መሆኑን እንዲያመሳክሩ የማስታውሰውን አንድ ገጽ በእጄ ደግሜ ጽፌ አያይዣለሁ። ያለ ፈቃድ ያነሳሁባቸውን ቅዳሜዎች ሁሉ ዘርዝሬያለሁ። ስቱዲዮውን ቢያሽጉት ያሽጉት። እፈራለሁ። ግን ስልኬ የጠራ አላስመሰልኩም።

እሷ ቀድማኝ ደርሳለች። ከአግዳሚው ወዲያ ጫፍ። ሰላም አልኳት፣ መለሰችልኝ። የጥር 9 ሻሿን አድርጋለች። በመካከላችን የሦስት ሰው ቦታ አለ። ማንም አልተቀመጠበትም።

3፡25። ጸሐፊዋ ወጣች፣ መገኘታችንን የሚያረጋግጥ ቅጽ ይዛ። ለእኔ ሰጠችኝ፣ ፈረምኩ። ለአዴ ዘሀራ ሰጠቻት፣ ከቀለሙ ጋር። አዴ ዘሀራ ወረቀቱን ይዛ አገላበጠችው። ሳላስበው ከወንበሬ ተነሳሁ፣ እጄን ዘረጋሁ፣ ልምድ ነው፣ ላንብብላት፣ ጣቷን ልያዝላት።

አየችኝ። ከዚያ ወረቀቱን በእኔ በኩል አሳልፋ ለጸሐፊዋ መለሰችላት።

«አንቺ አንብቢልኝ፣ ልጄ» አለቻት። «ከላይ ጀምረሽ።»

ጸሐፊዋ እያነበበች ነው። አዴ ዘሀራ እያንዳንዱን መስመር በጣቷ ትከተላለች። እኔ እጄን ወደ ኪሴ መለስኩ። ሲያልቅ ጣቷን ለብቻዋ አሳረፈች። ትንሽ ዘመም ብሏል።

በሩ ተከፈተ። ስሟን ጠሩ። እኔን ገና አልጠሩኝም፣ ግን ተነስቻለሁ፣ ከኋላዋ እገባለሁ።